ሳንጣላ ልታስታርቀን?

ነገሩ ከተፈጠረ ዓመታት አልፈዋል። ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር ግን ይመጣብኛል። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የሰሜኑ ጦርነት በተጀመረ ሰሞን ነው፤ ኅዳር 2013። አራት ኪሎ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። እሱ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። የዚያን ሰሞን ሁላችንም እንደዚያ ነበርን። ድንገት ስልኩን ወደ እኔ አዞረና "እስቲ እኚህን እናት እያቸው፤ አንጀት አይበሉም?" አለኝ። አየኋቸው። ፎቶው የኔ ነው።

ያነሳሁት በዚያው በቀደመው ክረምት፣ ከካፌው ብዙም ሳይርቅ ነው። በቆሎ ጠብሰው የሚሸጡ እናት ናቸው። ዝናብ ሊጥል ሲል የሚነሳው ነፋስ ጭሱን መልሶ ፊታቸው ላይ ደፋባቸውና አንዱ ዓይናቸው አነባ። በነጠላቸው ጫፍ ሊጠርጉት ሲሉ ነው ያነሳኋቸው። ከኋላቸው የታክሲዎች መብራት ይታያል። ራስን ማሞገስ አይሁንብኝና ጥሩ ፎቶ ነው። አሳይቻቸው፣ ፈቅደውልኝ፣ "የክረምት ማታ፣ አራት ኪሎ" ብዬ ገጼ ላይ ለጥፌው ነበር።

ጓደኛዬ ስልክ ላይ ያለው ግን ከደረት በታች የለም። ማንደጃው፣ በቆሎው፣ የሚያራግቡበት ካርቶን ተቆርጠው ወጥተዋል። የቀረው እንባ፣ ነጠላና ጨለማ ነው። ከስር ደግሞ ልጆቻቸው ዓይናቸው እያየ የተገደሉባቸው እናት እንደሆኑ ተጽፏል። ማን እንደገደላቸውም ተጽፏል፤ የአንድ ሕዝብ ስም ተጠርቶ። የማን እንደሆነ እዚህ አልናገርም። ብዙም ሳይቆይ ያው ፎቶ በተቃራኒው ወገን ገጽ ላይ ወጣ። ያው እንባ፣ ያው ነጠላ። ገዳይና ሟች ብቻ ቦታ ተቀያይረዋል። ሁለቱም ጋ ሰው እያለቀሰ ሼር ያደርጋል።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የእሳቸው እንባ ከከሰል ነበር የመጣው።

ኮመንት ላይ ገብቼ "ይህን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሴትየዋ በቆሎ እየጠበሱ ነው" ብዬ ጻፍኩ። የመጣልኝ የመጀመሪያ መልስ "አንተ የየት ነህ?" የሚል ነው። ሙሉውን ፎቶ ከነበቆሎው ለጠፍኩ። "ይሄኛው ነው ኤዲት የተደረገው፤ በቆሎውን አንተ ጨመርክበት" አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ስድብ መጣ፤ ከሁለቱም በኩል፤ ለሁለቱም የሌላኛው ወገን ሰው ሆኜ። ሳቄ መጣ። ብዙ ግን አልሳቅኩም፤ ምክንያቱም ከስር የተሰበሰበው ሰው ያዘነ ብቻ አልነበረም። "ደማቸውን እንመልሳለን" የሚልም ነበረበት።

## "ቀስ ብለህ አንብብ"

ማግስቱን እማማ ጋ ሄድኩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔ እማማ ነው የምላቸው። የበቆሎው ወቅት አልቆ ወደ ድንች ቅቅል ዞረዋል። ከጎናቸው፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሌላ በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሴት ቆሎ ይሸጣሉ። ሁለቱን ከድሮ ጀምሮ አብረው ነው የማያቸው። የከሰል ጆንያ ለሁለት ይገዛሉ። አንዷ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ሌላዋ ዕቃ ትጠብቃለች። ደንብ አስከባሪ ከታየ ደግሞ ማን የማንን ዕቃ እንደያዘ ሳይታወቅ ሁለቱም ይበራሉ።

ስልኩን ሰጠኋቸው። አራቅ አድርገው አዩትና ሳቁ። "እኔ ነኝ እንዴ? ምነው እንዲህ አረጀሁ!" ከዚያ ከስር ያለውን ጽሑፍ አዩ። "መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንብብልኝ።"

አነበብኩላቸው። ልጆቻቸው ተገደሉ የሚለው ጋ ስደርስ አማተቡ። "በስመ አብ! ልጄ ቤይሩት ናት፤ ይሄን ብታይ ትሞትብኛለች።" ከዚያ "ቆይ፣ ማን ገደላቸው ነው የሚለው?" አሉ። የተጠራውን ስም አነበብኩ።

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። ወደ ጎረቤታቸው በዓይናቸው ጠቀሱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቀስ ብለህ አንብብ፤ እሷ እንዳትሰማ" አሉኝ።

ጎረቤታቸው ስሙ ከተጠራው ሕዝብ ናቸው። እኔ አላውቅም ነበር። እማማ ያውቃሉ፤ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ቀን ትዝ ብሏቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። በእሳቸው ፊት፣ በእሳቸው እንባ፣ አጠገባቸው የተቀመጠችው የከሰል ሸሪካቸው ነፍሰ ገዳይ ተብላለች። እማማን ያስፈራቸው ስለራሳቸው የተዋሸው ውሸት አልነበረም። ያስፈራቸው እሷ አይታው የምትሸማቀቀው ነገር ነው። ወይም ደግሞ ሌላ ሰው አይቶት እሷ ላይ የሚያደርገው።

የፎቶ ጉዳት ሲባል እስከዚያን ቀን የማስበው ስለተነሳው ሰው ነበር። ክብሩ፣ ፈቃዱ፣ ስሙ። ከፎቶው ውጭ፣ ከክፈፉ አንድ ክንድ ወዲያ የተቀመጠ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል አስቤ አላውቅም። ቆሎ የሚሸጡት ሴት ፎቶው ውስጥ የሉም። የጽሑፉ ዒላማ ግን እሳቸው ናቸው።

በዚያች ሰዓት አንድ ነገር መጣልኝ። ሁለቱን አንድ ላይ አንስቼ ብለጥፈውስ? "ውሸት ነው፤ ይኸው እነዚህ ሁለት ሴቶች" ብዬ። ምክንያቱን ሳልናገር "እስቲ ሁለታችሁን አብራችሁ ላንሳችሁ፤ ትንሽ ተቃቀፉ" አልኳቸው።

ቆሎ ሻጯ "ምን ተገኘ?" ብለው ሳቁ። እማማ ግን ቆጣ አሉ። "ምን ብለን ነው የምንተቃቀፈው? ተጣልተናል እንዴ? ሳንጣላ ልታስታርቀን ነው?"

"እኛ የምንጣላው ከሰል ስንካፈል ነው" አሉ ጎረቤታቸው። "ያን ጊዜ ና።"

ካሜራዬን መለስኩት። ስነሳ እማማ ጠሩኝ። "ለእነዚያ ሰዎች ጭስ ነው በላቸው።"

## የሰላም ፎቶ የምንለው

"ሳንጣላ ልታስታርቀን" የምትለው ነገር አለቀቀችኝም። የሰላም ፎቶ የሚባለውን ነገር ሁሉ አበላሽታብኛለች።

ታውቁታላችሁ ያንን ፎቶ። የተያያዙ እጆች። ርግብ። ቄሱና ሼኩ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ካሜራ ሲያዩ። ኅዳር 29 ሲመጣ ደግሞ ሁሉም የየራሱን የባህል ልብስ ለብሶ፣ ሥራ የሚገባበትን ልብሱን ቤት ትቶ፣ ተደርድሮ ፈገግ ሲል። ክፋት የለውም፤ ልብሱም ያምራል። ግን ሥራው እንዴት እንደሆነ ተመልከቱ። መጀመሪያ ሰዉን ለያይቶ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ያቃቅፈዋል። ማቀፉን ለማሳየት መለየቱን ማሳየት አለበት። አይቶ የሚሄደው ሰው የሚይዘው የቱን ይመስላችኋል? እኔ እንጃ፤ መለየቱን ይመስለኛል።

ቄሱና ሼኩ በእውነት ጎረቤት ከሆኑ የሚያወሩት ስለ መቻቻል አይደለም። ስለ ውሃ ነው፤ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ። ያንን ያነሳ ፎቶ አንሺ ብዙ አላየሁም።

ከሁሉ ይህን ነገር የተረዳ የሚመስለኝ ጄአር የሚባለው ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከጓደኛው ማርኮ ጋር እስራኤልና ፍልስጤም ሄዱ። በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸውን ሰዎች ፈልገው አነሱ፤ ታክሲ ነጂና ታክሲ ነጂ፣ መምህርና መምህር፣ ምግብ አብሳይና ምግብ አብሳይ። ማንም አልተቃቀፈም። ሁሉም ፊቱን አጣሞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ እንደ ሕፃን እየቀለደ ነው የተነሳው። ፎቶዎቹን እንደ ሕንጻ አሳድገው የመለያያ ግንቡ ላይና በየከተማው ጥንድ ጥንድ አድርገው ለጠፏቸው። የሚያልፈው ሰው ቆሞ የትኛው የየት እንደሆነ ለመገመት ይሞክራል። አብዛኛው ያቅተዋል።

የሥራው ልብ ያለው እዚያ ማቃት ላይ ነው። ሰላም አላመጣም፤ ግንቡም አሁንም ቆሟል። ለአንድ ደቂቃ ግን "ይሄ የነማን ነው?" የሚለው ጥያቄ መልስ አጥቷል። ያቺ ደቂቃ ቀላል አይደለችም። ከኔ ፎቶ ስር የጻፈው ሰው ያጠፋት እሷን ደቂቃ ነው። ገና ዓይናችሁ ፊታቸው ላይ ሳያርፍ የማን እንደሆኑ ነገራችሁ።

የቆየው ምሳሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 ኒው ዮርክ፣ በዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የተከፈተው ትልቁ ዐውደ ርዕይ ነው። ኤድዋርድ ስታይከን "የሰው ልጅ ቤተሰብ" በሚል ርዕስ ከ68 አገሮች 503 ፎቶዎች ሰብስቦ ሁላችንም አንድ ነን ሊል ፈለገ። ዓለምን ዞረ፤ ሚሊዮኖች አዩት። አሁን ሉክሰምበርግ ውስጥ አንድ ግንብ ውስጥ በቋሚነት ይታያል። ሞስኮ በቀረበ ጊዜ ግን፣ እ.ኤ.አ. 1959 መሆኑ ነው፣ አንድ ናይጄሪያዊ ተማሪ ገብቶ ጥቂቶቹን ፎቶዎች ቀደዳቸው። ነጮቹ ለባብሰው፣ ተከብረው ሲታዩ ጥቁሩና ሌላው ራቁቱንና ምስኪን ሆኖ ነው የቀረበው ብሎ። ፎቶ መቅደድ አይደገፍም እንግዲህ። ግን ልጁ ምን እንዳየ ይገባኛል። ቤተሰብ ናችሁ ተብሎ ተጠራ፤ ሲገባ ግን ወንበሩ የት እንደሆነ አየ።

እኛም ያንን ወንበር እናውቀዋለን። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው፣ ቢቢሲ ጥቅምት 1977 ያሰራጨው የድርቅ ምስል ስንት ነፍስ አትርፏል። ይህን ማንም አይክደውም። አሚን ራሱ ዋጋ ከፍሏል፤ በ1983 እዚሁ አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጥቶ፣ በሰው ሠራሽ እጅ መቅረጹን ቀጠለ። ግን ከዚያ ምስል በኋላ ውጭ አገር ሄዶ "ኢትዮጵያዊ ነኝ" ያለ ሁሉ በሰው ዓይን ውስጥ ያንን ረሃብ አይቷል። እዝነት መግባባት አይደለም። የታዘነለት ሰው አፍ የለውም፤ ለሱ ሌላ ሰው ነው የሚናገርለት።

ለዚህ ነው ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለው የፎቶ ፌስቲቫል ለኔ ትልቅ ነገር የሆነው። ካሜራው ከማን እጅ ነው የሚለውን ጥያቄ እዚሁ ከተማችን መሀል አመጣችው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል የሰላም ሽልማቱን ዐውደ ርዕይ እሷ እንድትሠራ መጋበዟንም ታስታውሳላችሁ። ግን ልብ በሉ፣ ካሜራው በኛ እጅ ሆኖም የእማማ ነገር ደርሷል። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ የአራት ኪሎው ልጅ ነኝ፤ ከስር የጻፉትም የኛው ልጆች ናቸው።

## ከጀርባው የሚጻፈው

እናቴ ቤት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ፎቶ አለ። አብዛኛው ፒያሳ ፎቶ ቤት የተነሳ ጉርድ ነው። ገልብጣችሁ ብታዩት ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ "ለማትረሺኝ እህቴ፣ ለዘላለም ማስታወሻ ይሁንሽ"፣ ከዚያ ቀንና ፊርማ። የሚጽፈው ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ራሱ ነው። ለማን እንደሰጠው ያውቃል። የተቀበለውም ማን እንደሰጠው ያውቃል።

አሁን ያ ጀርባ የለም። ስልካችን ፎቶ ሲያነሳ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከተፈቀደለትም ቦታውን፣ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስንጭነው ግን አብዛኛው ይራገፋል። ይሄ በአንድ በኩል ጥሩ ነው፤ ቤታችን የት እንደሆነ እንዳይታወቅ። በሌላ በኩል ፎቶው ባዶ ጀርባውን ይዞ ይወጣል፤ ያገኘው ሁሉ የፈለገውን ይጽፍበታል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ያሉት ለዚህ ቀን ይመስላል። መላው ደግሞ ከባድ አይደለም። ፎቶውን በምስል መፈለጊያ መልሶ መፈለግ፣ መጀመሪያ መቼ እንደወጣ ማየት። ስንት የሌላ አገር ጦርነት ፎቶ የኛ ተብሎ እንደዞረ በዚህ ነው የምትደርሱበት።

ከስር የሚጻፍ ነገር ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ጋ ስታልፉ አስቡት። በ1929 የካቲት ከተማችን ስትታረድ ፎቶ ካነሱት መካከል ጣልያኖቹ ራሳቸው አሉበት፤ ለማስታወሻ፣ እንደ ጀብዱ። የነሱ ኩራት በኋላ በራሳቸው ላይ ማስረጃ ሆነ። እዚያ ላይ ጽሑፉን መቀየር ፍትሕ ነበር።

መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ግን ሌላ ነገር ይሰማኛል። ግድግዳው ሙሉ ፊት ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ወጣት፣ አብዛኛው ጉርድ ፎቶ። ለትምህርት ቤት ወይ ለሥራ ሲሉ የተነሱት ይመስላል። ማንም ለሰማዕትነት ብሎ አልተነሳም። ወደ ፊት ቀና ብለው ያያሉ፤ ፎቶ አንሺው "አገጭህን ዝቅ" ሲላቸው ይሰማችኋል። እዚያ ግድግዳ ፊት ቆሜ የማን ልጅ የየት እንደሆነ ለመገመት ሞክሬ አላውቅም። ማንም ጎብኚ ሲሞክር አላየሁም። ያስለቀሰን እኩል ነው።

ያው ጉርድ ፎቶ የቀበሌ መታወቂያችን ላይ ሲለጠፍ አጠገቡ "ብሔር" የሚል መስመር ነበረው። በዚያ በ2013 ሰሞን ፊቱን ትቶ መስመሩን የሚያነብ ዓይን ብዙ ነበር። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ላይ ያ መስመር የለም። ይኼ በጎ ነገር ነው፤ ጥቂት ሰው ብቻ ነው ያስተዋለው።

እኔ ከእማማ በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። ፎቶ ሳነሳ አሳጥቤ ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ከዚያ ገጼ ላይ የምጽፈው እሱ ያለውን ነው፤ ቃል በቃል፣ ፎቶው ላይ ራሱ ታትሞ፣ እንዳይቆረጥ ፊቱ አጠገብ። አንዳንዱ "ምንም አትጻፍ" ይላል፤ አልጽፍም። አንድ የጆተኒ ልጅ ፒያሳ "አሸንፌው ነው፤ እሱ ይዋሻል" በልልኝ ብሏል። የእማማ ፎቶ አሁንም አለ። ላዩ ላይ "ጭስ ነው" ይላል። ላይክ የለውም ማለት ይቻላል፤ ማንም ግን ሰርቆት አያውቅም።

## ሰላሙ የቱ ጋ ነው?

ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ ጥቅምት 2015 ካለፈ ወዲህ፣ የሰላም ፕሮጀክት በዛ። አንድ ድርጅት ደወለልኝ። "ሰላምና አብሮነት" የሚል የፎቶ ዐውደ ርዕይ ሊያዘጋጁ ነው። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፤ ክፍያውም ደህና ነበር።

የላክሁላቸው የመሀል ከተማ ፎቶዎች ናቸው። ለገሃር ማታ ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ፣ አንዱ ለማያውቃት ሴት ጃንጥላ ዘርግቶ። ሁለት ሎተሪ አዟሪዎች በአንድ ስልክ ኳስ ሲያዩ። ሁለት ሊስትሮዎች በአንድ ብሩሽ ሲጓተቱ። እያንዳንዱ ከነባለቤቱ ቃል።

አስተባባሪዋ ደወለች። ትሁት ልጅ ናት። "ፎቶዎቹ ቆንጆ ናቸው፤ ግን ሰላሙ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ።

"ሰልፉ ላይ ነው" አልኳት።

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ "የብሔር ተዋጽኦ እንድናሳይ ተጠይቀናል፤ ሊስትሮዎቹ ከየት ከየት ናቸው?" አለች። አልጠየቅኳቸውም አልኳት። ሄጄ ልጠይቅላት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንቢ አልኩ። እሷም ከላይ ያዘዛት ሰው ስላለ አልፈረድኩባትም። ግን እኮ ልጆቹ የነገሩኝን ልኬላታለሁ። ያልነገሩኝን ከየት ላምጣ? ብጠይቃቸው ደግሞ በሚቀጥለው ቀን ሲጓተቱ የሚያየው ሰው ብሩሽ አይደለም የሚታየው።

ተደራደርን። ግማሹን ፎቶ ወሰዱ፤ በቀረው ቦታ ርግብ ያለበት ፖስተር ሰቀሉ። ለሁሉም ግን ከፍለውኛል፤ በዚህ አልወቅሳቸውም።

መክፈቻው ቀን ንግግሩ ረዘመ። ሰዉ ሲሰለቸው ወደ ፎቶዎቹ ዞረ። ሊስትሮዎቹ ጋ ደርሰው አንድ ኮት የለበሱ ጎልማሳና ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክርክር ገጠሙ። ብሩሹ የማን ነው? ጎልማሳው "የግራኛው ነው፤ አያያዙን አታዩም?" ይላሉ። ልጅቷ "ሳጥኑን ተመልከቱ፤ የቀኙ ሳጥን ውስጥ የብሩሽ ቦታው ባዶ ነው" ትላለች። ሌላ ሰው መጣ፤ እሱም ወገን ያዘ። ጎልማሳው የፎቶው ባለቤት እኔ እንደሆንኩ ሲነገራቸው ዞረው "እውነቱን ተናገር፤ የማን ነው?" አሉኝ።

ከስር ያለውን እንዲያነቡ አሳየኋቸው። ሁለቱም "የኔ ነው" ብለዋል።